ለአንድ ሰው ሁለት ኮድ

ስሙኝማ። ዛሬ የምተርክላችሁ የአንድ ካርድ ታሪክ ነው። ሐኪም ቤት ስትሄዱ ካርድ ክፍል ተሰልፋችሁ የምታወጡት፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት የወየበ፣ ከመደርደሪያው ሲጠፋ በሽተኛውንም ነርሷንም የሚያጣላው ያ ካርድ።

የካርዱ ባለቤት ስም የለውም። ሆን ብዬ ነው። ከብዙ ሰዎች ታሪክ አጠራቅሜ ያቆምኩት ሰው ስለሆነ በቃ «ሰውየው» እንበለው። ጋምቤላ ከተማ ይኖራል። ባሮ ዳር ዓሣ ይሸጣል። ዕድሜው ከሠላሳ አልፎ አርባ አልሞላም። አፉን የፈታው በኑዌርኛ ነው፤ አማርኛ ለገበያ የሚበቃውን ያህል ይችላል።

ነገሩ በግራ እግሩ ጀመረ። ከቁርጭምጭሚቱ በታች አንዲት ጠቆር ያለች ነገር ወጣች። አታምም፣ አታሳክክም። የሕክምና መጻሕፍት ሐምራዊ ናት ይላሉ፤ ፎቶግራፎቻቸው በአመዛኙ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሡ ናቸውና። ጥቁር ቆዳ ላይ ስትወጣ ከቆዳው ትንሽ የባሰች ጥቁር ወይም ቡናማ፣ በጣት ሲነኳት ጠጠር የምትል ናት። ቀኑን ሙሉ በወንዝ ዳር ጭቃ የሚውል ሰው እንዲህ ያለችውን ነገር ከቁም ነገር አይቆጥራትም። እሱም አልቆጠራት።

አንዷ ሦስት ሆነች፤ ሦስቱ ሰባት። ቀጥሎ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ጎረቤት «ዝሆኔ ነው» አለው። የጎረቤቱን ግምት አትናቁብኝ። በባሮ ሜዳ ትንኝ የምታስተላልፈው የዝሆኔ ትል አለ፤ መድኃኒቱም በዘመቻ ሲታደል ሕዝቡ አይቷል። ከጎሬና ከመቱ ደጋ የወረደ ሰው ደግሞ ሌላውን ዝሆኔ ያውቃል፤ በባዶ እግር ቀይ አፈር ለዓመታት ሲረግጡ የሚመጣውን። ሁለት ዓይነት ዝሆኔ በሚታወቅበት አገር፣ እግር የሚያሳብጥ ሦስተኛ በሽታ አለ ብሎ የሚጠረጥር ብዙ አይደለም።

ለሰውየው ሥር ቀጥቅጠው ለጠፉለት። አልተሻለውም። ጤና ጣቢያ ሄደ።

የጋምቤላን ጤና ጣቢያ እንግዲህ ልብ በሉልኝ። በሽተኛው በኑዌርኛ ወይም በአኙዋክኛ ያስባል። ጤና መኮንኑ በአማርኛ ይጠይቃል። ካርዱ ላይ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። መጨረሻ ላይ ለሪፖርት የሚላከው ደግሞ ፊደልና ቁጥር ብቻ። በሽታው እንደ ተቀዳ ውሃ ከዕቃ ዕቃ እየተገለበጠ ነው መዝገብ የሚደርሰው፤ በተገለበጠ ቁጥር ጥቂት ይፈሳል።

«ማሌ» አለው ጤና መኮንኑ፣ ከኑዌርኛ የለመዳትን ሰላምታ አስቀድሞ።

«ማሌ፣ ዶክተር።» ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ምን ሆንክ ወንድሜ?»

«እግሬን። ዝሆኔ ነው ብለውኛል።»

«መቼ ጀመረህ?»

«ዝናቡ ሳይገባ።»

ጤና መኮንኑ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ፤ ተጫነው። ከዚያ ቀና አለና ያልተጠበቀ ነገር ተናገረ፦ «እስቲ አፍህን ክፈት።»

እግሩን ሊያሳይ የመጣ ሰው አፍህን ክፈት ሲባል ግራ ይገባዋል። አስተርጓሚውም ግራ ገብቶት ደግሞ ጠየቀ። ተከፈተ። ላንቃው ላይ ያው የእግሩ ዓይነት ጠቆር ያለ ነገር ተለጥፏል። ዝሆኔ ላንቃ ላይ አይወጣም።

ደም ተወሰደ፤ ኤች አይ ቪ ተገኘበት። ጤና መኮንኑ ካርዱ ላይ «አር ቪ አይ» ብሎ ጻፈ። ይቺ ሦስት ፊደል በአገራችን ሐኪም ቤቶች የታወቀች ናት፤ ካርድ ተሸክሞ በኮሪደር የሚያልፍ ሁሉ የሰውን ምሥጢር እንዳያነብ ታስባ የገባች። ዛሬ ጥበቃው በር ላይ ቆሞ እንኳ ምን ማለት እንደሆነች ያውቃል፤ ምሥጢርነቷ ካበቃ ቆይቷል። ጉዳቷ ግን ይኸው ቀርቷል፤ በኋላ ታዩታላችሁ።

ስለ ጋምቤላና ስለ ኤች አይ ቪ ሁለት ቁጥር ብቻ ልንገራችሁና እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ አዋቂዎች 1.5 ያህሉ ቫይረሱ ሲገኝባቸው በጋምቤላ 6.5 ነበር። በ2016 አገሩ ወደ 0.9 ወረደ፤ ጋምቤላም ወደ 4.8 ወረደ፤ ከክልሎች ሁሉ ግን አሁንም የመጀመሪያው ነበር። እንግዲህ ከኤች አይ ቪ ጋር የሚመጣ ካንሰር ካለ፣ በኢትዮጵያ መጀመሪያ የሚፈለግበት ቦታ ይኸው የባሮ ዳር አገር ነው።

ካንሰሩ ካፖሲ ሳርኮማ ይባላል። የሐኪሞቹ አጠራር «ኬ ኤስ» ነው።

ስሙ ከየት መጣ? ከቪየና። እ.ኤ.አ. በ1872፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ አክሱም ላይ ዘውድ በጫኑበት በዚያው ዓመት፣ ሞሪትዝ ካፖሲ የሚባል የቆዳ ሐኪም የአምስት ሰዎችን ታሪክ ጻፈ። ሀንጋሪያዊ ነው። የድሮ ስሙ ኮን ነበር፤ በትውልድ ከተማው በካፖሽቫር ስም ካፖሲ ተባለ። አምስቱ ሕሙማኑ በዕድሜ የገፉ ወንዶች ነበሩ፤ ጥቋቁር እብጠቱ ከእግራቸው ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል አውሮፓ ይህንን በሽታ የሜዲትራንያን ሽማግሌዎች ብርቅ ነገር አድርጋ ያዘችው።

በእኛ በኩል ግን ብርቅ አልነበረም። ከኤች አይ ቪ አስቀድሞ፣ በዑጋንዳና በኮንጎ አካባቢ ሐኪሞች በወጣቶችም በሕፃናትም ላይ ያዩት ነበር። ካምፓላ ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 ስለዚሁ በሽታ ብቻ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተደርጓል። የዓለም የሕክምና ትምህርት ግን ከቪየናው ሽማግሌ አልወጣም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1981 የአሜሪካ የጤና መሥሪያ ቤት በኒውዮርክና በካሊፎርኒያ 26 ወጣት ወንዶች ካፖሲ እንደያዛቸው ሲያስታውቅ ዓለም ደነገጠ፤ የኤድስ ታሪክ ከተከፈተባቸው ዜናዎች አንዱ ይህ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሉሳካ፣ ዛምቢያ፣ አን ቤይሊ የተባለች ቀዶ ሐኪም በሆስፒታሏ የምታየው ካፖሲ ጠባዩን መለወጡን አስተዋለች። ቀድሞ ዓመታት ይወስድ የነበረው በወራት ይገድል ጀመር።

የካፖሲ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1994 ተገኘ። ዩዋን ቻንግና ፓትሪክ ሙር የሚባሉ ባልና ሚስት ከካፖሲ እብጠት ውስጥ አዲስ ቫይረስ አወጡ፤ የሄርፒስ ዘመድ ነው፣ ስምንተኛው። ካፖሲን የሚያመጣው ይህ ነው፤ ኤች አይ ቪ ደግሞ የሰውነትን መከላከያ አፍርሶ በሩን ይከፍትለታል። አንድ እግር ላይ ሁለት ቫይረስና አንድ ካንሰር ይገናኛሉ ማለት ነው። የዛሬው ትረካዬ ችግር ሁሉ ከዚህ ይነሣል፤ ምክንያቱም በሽታ ሲመዘገብ «ዋናው የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል።

ወደ ሰውየው እንመለስ። ሪፈር ተጻፈለት። ሆስፒታል ውስጥ ከእግሩ ላይ ትንሽ ሥጋ በክብ ምላጭ ተቆርጦ ፎርማሊን ውስጥ ገባ። ናሙናው ፓቶሎጂ ወዳለበት ከተማ መሄድ አለበት። ጋምቤላና አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ ከባሮ ድልድይ ተነሥቶ፣ የቡሬን ዳገት ወጥቶ፣ በጎሬና በመቱ አድርጎ። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ናሙናውም ይቀመጣል። ውጤቱ መጣ፤ ካፖሲ ነው።

ሐኪሙ በካርዱ ላይ አንድ መስመር ጻፈ፦ «አር ቪ አይ፣ ኬ ኤስ፣ ሃርት ላይ።» ሃርት የኤች አይ ቪው መድኃኒት ነው። የሐኪም የእጅ ጽሑፍ የታወቀ ነው፤ «ኬ ኤስ» ከመስመሩ ዳር ላይ ተጨማልቃ ቀረች።

አሁን የትረካው ዋና ቦታ ደረስን። ሐኪሙም ሕመምተኛውም የሌሉባት ክፍል ናት። አንድ የጤና መረጃ ባለሙያ፣ አንድ ኮምፒውተር፣ የካርድ ክምር፣ እላይ አቧራ የሚያዞር ቬንቲሌተር። ሥራው የሐኪሙን ቃል ወደ ኮድ መለወጥ ነው። ወሩ ሊያልቅ ነው፤ ሪፖርት ይጠበቃል። ከክምሩ አብዛኛው ወባ ነው፤ ጋምቤላ ነውና። ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ እንደገና ወባ። ከዚያ ይህ ካርድ መጣ።

ምን ምርጫ አለው? ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ፣ በአሥረኛው ዕትሙ፣ ለኤች አይ ቪ ከቢ20 እስከ ቢ24 ያለውን ሰጥቷል። ቢ24 ማለት «ኤች አይ ቪ፣ ዝርዝሩ ያልተገለጸ» ነው። የካንሰሩ ክፍል ደግሞ በሲ ይጀምራል። ሲ43 ሜላኖማ፤ ሲ44 «ሌሎች የቆዳ ካንሰሮች»፤ ሲ46 ካፖሲ ሳርኮማ፤ ሲ46.0 ቢሆን የቆዳ፣ ሲ46.2 ቢሆን የላንቃ። ሁለቱን የሚያገናኝ ደግሞ አለ፤ ቢ21.0፣ «ካፖሲ ያስከተለ ኤች አይ ቪ»።

ባለሙያው «አር ቪ አይ»ን አነበበ። «ኬ ኤስ»ን አላነበባትም፤ ወይም አነበባትና ምን እንደሆነች የሚነግረው ሰው አጣ። ቢ24 ብሎ መታ። ሰውየው በዚያች ቅጽበት የካንሰር ሕመምተኛ መሆኑ ቀረ።

ሌላ ባለሙያ ቢሆን የባዮፕሲውን ወረቀት አይቶ «የቆዳ ካንሰር» ብሎ ሲ44 ሊመታ ይችል ነበር። ያ ደግሞ ኤች አይ ቪውን ያጠፋዋል፤ ካፖሲንም ፀሐይ ከሚያመጣቸው የቆዳ ካንሰሮች ጋር ይደባልቀዋል። ሲ46 ብቻውን ቢመታ ካንሰሩ ይታወቃል፤ ሰውየው በኤች አይ ቪ መድኃኒት ሪፖርት ላይ ካለው ሰው ጋር አንድ መሆኑ ግን አይታወቅም። ባለሙያው ላይ አትፍረዱ። ካርዱ ላይ ሙሉ ቃል ባልጻፈው ላይ ፍረዱ።

ይህ የኮድ ነገር ከየት መጣ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከሞት ቆጠራ ነው። ዣክ ቤርቲዮን የተባለ የፓሪስ የስታቲስቲክስ ሹም እ.ኤ.አ. በ1893 ቺካጎ ላይ የሞት ምክንያቶችን ዝርዝር አቀረበ፤ አገሮች አንድ ዓይነት አቆጣጠር እንዲኖራቸው። እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም ጤና ድርጅት ተረከበውና በስድስተኛው ዕትም ከሞት አልፎ በሕይወት ያለውን ሕመምተኛም እንዲቆጥር አደረገው። እያንዳንዱ ዕትም የዘመኑን ዕውቀት ይዞ ይወጣል። በዘጠነኛው የዓለም ዕትም ካፖሲ የራሱ ክፍል አልነበረውም፤ «ሌሎች የቆዳ ካንሰሮች» ውስጥ ተጨምሮ ነበር። ካምፓላ ላይ ጉባኤ የተደረገለት በሽታ በዓለም መዝገብ «ሌሎች» ነበር ማለት ነው። የራሱን ክፍል ያገኘው በአሥረኛው ነው፤ ይህ ዕትም የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1990 ሲሆን፣ ያን ጊዜ አሜሪካና አውሮፓ በኤድስ ሲታመሱ ነበር።

ይህንን የምለው ነገር ለማክረር አይደለም፤ ሌላም ምስክር አለኝ። መርክል ሴል ካርሲኖማ የሚባል ሌላ ብርቅ የቆዳ ካንሰር አለ። በአብዛኛው የሚይዘው ፀሐይ የመታቸውን ነጭ አረጋውያን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲሪል ቶከር የተባለ ሐኪም ለመጀመሪያ ጊዜ ገለጸው፤ በ2008 የዚህን ካንሰር ቫይረስ ያገኙት እነዚያው ባልና ሚስት፣ ቻንግና ሙር፣ ከባልደረቦቻቸው ጋር ናቸው። በ2009 አሜሪካ በራሷ የኮድ መጽሐፍ ለብቻው ቁጥር ሰጠችው። በኋላ ወደ አሥረኛው ዕትም ሲሻገሩ በሲ43 እና በሲ44 መካከል የሚገባ ቁጥር ስለጠፋ ፊደል ሰክተው ሲ4ኤ አሉት። ቁጥር ቢያልቅ ፊደል ይፈጠርለታል። እዚያ ኮድ የመድን ገንዘብ የሚወጣበት ቁልፍ ስለሆነ ኮድ መጻፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የተሳሳተ ኮድ የጻፈ ሆስፒታል አይከፈለውም።

እኛ ዘንድስ ኮድ ምን ያወጣል? መድኃኒት ያወጣል። የካንሰር መድኃኒት ለሚቀጥለው ዓመት ሲገዛ «ስንት ሕመምተኛ አላችሁ?» ተብሎ ነው። ካፖሲ ቀለል ያለ ከሆነ የኤች አይ ቪው መድኃኒት ብቻውን ሊያጠፋው ይችላል። የገፋ ከሆነ ግን ኬሞቴራፒ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ፣ ኬንያን፣ ዑጋንዳን፣ ማላዊን፣ ዚምባብዌን፣ ደቡብ አፍሪካንና ብራዚልን ያካተተ ጥናት ፓክሊታክሴል የተባለው መድኃኒት በአካባቢያችን ከተለመዱት ከብሊዮማይሲንና ከቪንክሪስቲን ጥምር እንደሚሻል አሳይቷል። ጥሩ ዜና ነው። ግን ለቢ24 ፓክሊታክሴል የሚያዝዝ የለም። በመዝገብ ላይ የሌለ ካንሰር መድኃኒት አይገዛለትም፤ መድኃኒት የሌለው ሆስፒታል በሽተኛውን ሪፈር ይጽፍለታል፤ ሪፈር የተጻፈለት ዓሣ ሻጭ 770 ኪሎ ሜትሩንና የአዲስ አበባውን ማደሪያ አስቦ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ቢሄድስ? አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የካንሰር ምዝገባ አላት። እንዲህ ያለ ምዝገባ የሚቆጥረው ግን የከተማዋን ነዋሪ ነው፤ መጠኑ የሚሰላው በነዋሪው ቁጥር ስለሆነ። የጋምቤላው ሰው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ተኝቶ ቢታከም እንኳ የአዲስ አበባ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ አለመግባቱም ትክክል ነው። የራሱ አገር ቁጥር ውስጥ ግን መግባት ነበረበት፤ እዚያ ደግሞ ቢ24 ሆኖ ቀርቷል። ከደቡብ ሱዳን ተሰድደው በኩሌ፣ በቴርኪዲ፣ በፑኝዶና በሌሎቹ ካምፖች የሚኖሩት ከ3 መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ሲጨመሩ ነገሩ ይባስ ብሎ ይጠላለፋል፤ የካምፕ ሪፖርት በሌላ መስመርም ይሄዳልና።

ጋምቤላ ለመቆጠር እንግዳ አይደለችም። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1902 ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት ባሮ ዳር የእንግሊዞች የንግድ ጣቢያ ነበረባት። ውሃው በሚሞላበት ክረምት መርከብ ከካርቱም ይመጣል፤ የደጋው ቡና ተጭኖ ይወርዳል። የቡናው ጆንያ እየተመዘነ በመዝገብ ይገባ ነበር። ያ ይዞታ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሱዳን ነፃ በወጣችበት ዓመት፣ አበቃ። እኔን የሚያበግነኝ ይኸው ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ በዚህች ወደብ የቡናው ልክ ከሰው እግር ልክ ይበልጥ ተጽፏል።

ሰውየው ምን ሆነ አትሉኝም? የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሩ ባሰበት። ይህ የሚታወቅ ነገር ነው፤ መከላከያው ሲነቃ ካፖሲ ለጊዜው ይቆጣል። ካልተነገረው ግን ሰው «ያሳመመኝ መድኃኒቱ ነው» ብሎ ይተወዋል። ሌላም አደጋ አለ፤ ያበጠ አይቶ ስቴሮይድ የሚያዝዝ አይጠፋም፤ ስቴሮይድ ደግሞ ካፖሲን ያባብሳል። ካርዱ ላይ ካፖሲ ተብሎ በግልጽ ቢጻፍ፣ ቀጥሎ የሚያየው ሐኪም ሁለቱንም ያውቅ ነበር። የእኔ ሰውዬ ዕድለኛ ነው፤ ያ አፍህን ክፈት ያለው ጤና መኮንን «ይብስብህና ይሻልሃል፣ እንዳታቋርጥ» ብሎታል። አላቋረጠም። እብጠቱ እየጎደለ፣ ጥቁሩ ጠፍጣፋ ሆኖ ቀረ። ሁሉም ግን እንዲህ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም 34 ሺህ ያህል ሰዎች ካፖሲ እንደያዛቸው ተገምቷል፤ አብዛኞቹ አፍሪካውያን ናቸው፤ ወደ 15 ሺህ ገደማ ሞተዋል።

አሁን አሥራ አንደኛው የዓለም ዕትም መጥቷል። እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ካፖሲ በዚያ 2ቢ57 ነው፤ መጽሐፉም ሁለት ኮድ በእዝባር አጣምሮ መጻፍን ይፈቅዳል። ካንሰሩና ቫይረሱ ባንድ መስመር፣ ባንድ ሰው ስም ሊቆሙ ይችላሉ ማለት ነው። መሣሪያው ተገኝቷል።

እንግዲህ ሦስት ቃል አለኝ። በጋምቤላም በሌላም ሐኪም ቤት ለምትሠሩ፦ «ኬ ኤስ» ብላችሁ አትተዉ፤ «ካፖሲ ሳርኮማ» ብላችሁ በሙሉ ጻፉ፤ የሚገኝበትንም ቦታ ጨምሩ። ካርድ ክፍልና መረጃ ክፍል ላላችሁ፦ ሁለቱንም መዝግቡ፣ ያልገባችሁን ምሕፃረ ቃል ሐኪሙ ደጃፍ ሄዳችሁ ጠይቁ። ለምትሰሙኝ ለሌሎቻችሁ፦ እግራችሁ ወይም ፊታችሁ ላይ የማያም፣ የማያሳክክ፣ ግን የማይጠፋ ጠጠር ያለ ጥቁር ነገር ከወጣ፣ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ አሳዩ፤ አፋችሁንም እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። የኤች አይ ቪ ምርመራውም መድኃኒቱም በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ነው።